የቡሹሎው ሳጥን

ዮፍታሄ ጌዲዮን የሞተው ከቡሹሎ ጤና ጣቢያ ወደ ሐይቁ በሚወስደው መንገድ ላይ፣ በወይዘሮ ታቢታ የአትክልት ግቢ ውስጥ ባለች የቆርቆሮ ፓምፕ ቤት ነው። ኢንስፔክተር ጸሐይወርቅ ስትደርስ አስከሬኑ ገና አልተነሳም ነበር። ወጣቱ መሐንዲስ በጎኑ ወድቋል። የቀኝ እጁ ጣቶች ወደ ፓምፑ የሚሄደውን ሽቦ እንደጨበጡ ደርቀዋል፣ ሽቦው የነካው ቆዳም ጠቁሯል። ወለሉ እርጥብ ነው። ጫማው ጭቃ እንዳይዝበት ይመስላል፣ በሩ ሥር ተጣምሮ ተቀምጧል። ቦርሳው ውጭ የአቮካዶ ዛፍ ላይ ተንጠልጥሏል፤ ስልኩም እዚያው ውስጥ አለ።

«ያገኘሁት እኔ ነኝ» አሉ ወይዘሮ ታቢታ፣ ነጠላቸውን አፋቸው ላይ ይዘው። «ጤና ጣቢያ ቆይቼ ስመለስ ውኃው ችግኙን አጥለቅልቆታል። ይሄ ልጅ ፓምፑን ከፍቶ የት ሄደ ብዬ መጣሁ። ወድቆ ሳየው ዋናውን ማብሪያ አወረድኩና ጮህኩ።»

«ፓምፑ እየሠራ ነበር?»

«እየሠራ ነበር እንጂ። ድምፁ ከበር ይሰማል።»

«ከእሱ ጋር ሌላ ሰው አዩ?»

«እኔ አላየሁም። ጠዋት መጥቶ ‹አዲስ ሳጥን ልግጠምልዎት› አለኝ። በሩን ክፍት ትቼለት ሄድኩ።»

ቀድመው የደረሱት ፖሊሶች ነገሩን አደጋ ብለው ጨርሰውታል። ጸሐይወርቅ ግን ከግድግዳው ላይ ዓይኗን አላነሳችም። ከዋናው ማብሪያ የሚመጣው መስመር መዳፍ በምታክል ነጭ የፕላስቲክ ሳጥን ውስጥ ይገባና ከሳጥኑ ወጥቶ ወደ ፓምፑ ይሄዳል።

«አብዱልሃሚድ» አለች፣ ፖሊስ ከመሆኑ በፊት ኤሌክትሮኒክስ ወደ ተማረው ሳጅን ዞራ፣ «መሐንዲስ የሆነ ሰው ፓምፕ እየሠራ ሽቦውን ይጨብጣል?»

«አይጨብጥም። ሲይዘው ኤሌክትሪክ አልነበረውም ማለት ነው። ከያዘው በኋላ ነው የመጣው።»

«ማን አመጣው?»

ሳጅኑ ሳጥኑን አየ። አስከሬኑ ከተነሳ በኋላ ዋናውን ማብሪያ ለአፍታ መልሶ ከፈተው። የሳጥኗ ትንሽ መብራት ቀይ ሆና ብልጭ ድርግም ማለት ጀመረች። ጸሐይወርቅ ቀለሙን ልብ አለችና ሳጥኑ ተፈቶ በጥንቃቄ እንዲያዝ አዘዘች።

ዮፍታሄ ይሠራበት የነበረው ድርጅት አዲስ ከተማ በሚባለው ሰፈር ከአንድ የሕንፃ መሣሪያ መደብር በላይ ያለ ባለ ሁለት ክፍል ቢሮ ነበር። ሥራቸው ገበሬ የጉድጓድ ፓምፑን በስልኩ እንዲከፍትና እንዲዘጋ የሚያስችል «ቦኖ» የሚባል አፕ ነው። አፑን የጻፈው ሟቹ ነው። ሳጥኑን የምትሠራው ኢየሩስ ናት። ካሌብ ሥራ አስኪያጅ ነው። ሦስቱንም ዩኒቨርሲቲ ያስተማሯቸው ዶክተር አምሳሉ ደግሞ አማካሪያቸው ናቸው። ከወይዘሮ ታቢታ ሌላ፣ ከእነዚህ ሰዎች በቀር ዮፍታሄ በዚያ ቀን ቡሹሎ እንደሚሆን የሚያውቅ አልነበረም።

ካሌብ ዓይኑ ቀልቷል። የሚናገረው ግን እንደ ሥራ አስኪያጅ በሥርዓት ነው።

«እኔ ደንበኛ ነኝ እንበል» አለችው ጸሐይወርቅ። «ሳጥኑን ገዝቻለሁ። ከቤቴ ዋይፋይ ጋር እንዴት አገናኘዋለሁ?»

«ሴትአፕ ዊዛርድ የምንለው አለ፤ ገጽ በገጽ እጅዎን ይዞ የሚመራ ማለት ነው። ሳጥኑን ሲሰኩት ሰማያዊ ይበራል። አዲስ ነኝ፣ አገናኙኝ ማለቱ ነው። ስልክዎን አጠገቡ አድርገው አፑን ይከፍታሉ፣ የቤትዎን ዋይፋይ ስምና የይለፍ ቃል ይሰጡታል። ካገኘው አረንጓዴ ይሆናል። የተሰጠውን ፈልጎ ካጣው ቀይ ብልጭ ድርግም ይላል።»

«ከተገናኘስ በኋላ?»

«ከየትም ሆነው ማብራት ይችላሉ። ሐረርም ቢሆኑ።» ትንሽ አሰበ። «ምናልባት ከወይዘሮ ታቢታ ኢንተርኔት ጋር አገናኝቶት፣ ከዚያ አንድ ሰው በስህተት ነክቶት ይሆናል። ማን መቼ እንዳበራው የሚመዘግበውን ሰርቨር ላይልዎት እችላለሁ።»

«ዮፍታሄ በዚያን ዕለት ጠዋት አዲስ ዊዛርድ አውጥቷል ተብያለሁ። ምን ለወጠ?»

ካሌብ ከመመለሱ በፊት ብዕሩን አንስቶ መልሶ አስቀመጠ። «ገጾቹን አሳመረ።»

«እሱ ሲሞት አንተ የት ነበርክ?»

«መናኸሪያ። ከአዲስ አበባ የተላከ ዕቃ እየጠበቅኩ። ብቻዬን።»

ኢየሩስ ከሥራ ጠረጴዛዋ አልተነሳችም። ከዮፍታሄ ጋር ለጥር ሠርግ ቀጠሮ ይዘው ነበር። ፊቷ ላይ እንባ የለም፤ እጇ ብቻ አንዲት ብሎን ያለማቋረጥ ያሽከረክራል።

«ሳጥኑን የሰጠሁት እኔ ነኝ» አለች። «በዚያው ጠዋት ገጥሜ ጨረስኩት። ዋይፋይ የሚባል ነገር አልተሰጠውም።»

«ስትሰጪው መብራቱ ምን ቀለም ነበር?»

«ሰማያዊ።»

«እኛ ስንከፍተው ቀይ ሆኖ ብልጭ ድርግም ይል ነበር።»

ብሎኗ ከኢየሩስ እጅ ወደቀች። «ሊሆን አይችልም። ሰው አጠገቡ ቆሞ በዊዛርዱ ዋይፋይ ካልሰጠው ከሰማያዊ አይወጣም። ኤሌክትሪክ ቢጠፋም የተሰጠውን አይረሳም።»

«የተሰጠውን ዋይፋይ ስም ከውስጡ አውጥተሽ ልታሳይኝ ትችያለሽ?»

«አልችልም። ማንም እንዳይሰርቀው ብዬ ራሴ ነኝ የቆለፍኩት።»

ጸሐይወርቅ ወንበር ስባ ተቀመጠች። «አዲሱ ዊዛርድ ምን ለወጠ? ካሌብ አልነገረኝም።»

ኢየሩስ በሩን አየች። ከዚያ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ ተናገረች።

«በክረምት ቱላ በኩል አንድ ገበሬ ሞተ። ዱካሞ ይባላል። ልጁ ማቴዎስ ስልኩን ይዞ ዊዛርዱን እየጨረሰ፣ አባት ደግሞ ፓምፑ ላይ ከድሮ የላላ ሽቦ እያጠበቀ ነበር። የድሮው ዊዛርድ የይለፍ ቃሉን እንደተቀበለ፣ ዋይፋዩን ሳይጠብቅ፣ ሙከራ ብሎ ፓምፑን ራሱ ያበራዋል። ከዚያ ስልኩ ላይ ‹ውኃው ወጣ?› ብሎ ይጠይቃል። ‹አዎ› ወይም ‹አልወጣም› ብለው እስኪመልሱ ፓምፑ አይጠፋም። ልጁ ይህን አያውቅም። ማንም አልነገረውም።»

«ጥፋቱ የማን ነው ተባለ?»

«የልጁ። ሽቦውን አበላሽቶ ገጠመ ተባለ። ካሌብና ዶክተር ሄደው አይተው የጻፉት እንደዚያ ነው። ልጁ ‹አባቱን የገደለ› ተብሎ ከቤት ወጥቶ ጠፋ። ዮፍታሄ እንቅልፍ አጣ። ሙከራውን ከዊዛርዱ ሰረዘው። የድሮው ሌላም ነበረው፤ ያ ስልክ መጨረሻ የተጠቀመበትን ዋይፋይ ከነይለፍ ቃሉ ራሱ ይሞላል። እሱንም ሰረዘው። ከዚያ ሄደን ለቤተሰቡ እውነቱን እንንገር አለ። እኔ ፈራሁ። ሳጥኑ የእኔ ሥራ ነው። ከመሞቱ በፊት በነበረው ቀን ተጣልተን ነው የተለያየነው።»

«ሲሞት የት ነበርሽ?»

«እዚሁ። ብቻዬን።»

ዶክተር አምሳሉ በዩኒቨርሲቲው ቢሯቸው ከመቀመጫቸው ተነስተው ተቀበሏት። ሽበታቸው የተስተካከለ፣ ሸሚዛቸው የተተኮሰ፣ ድምፃቸው ለስላሳ ነው። ለዮፍታሄ ቤተሰብ ወደ ሆሳዕና የደወሉት፣ አስከሬኑን የሚወስድ መኪና የፈለጉት እሳቸው ናቸው።

«ከተማሪዎቼ ሁሉ እንደ እሱ ጠያቂ አልነበረም» አሉ። «በዚያ ሰዓት እዚህ ፈተና እያረምኩ ነበር። ምናለ ይዤው ውዬ ቢሆን ኖሮ።»

«ዶክተር፣ አንድ ሰው ከሩቅ ሆኖ በኢንተርኔት ፓምፑን አብርቶት ይሆን?»

«አይመስለኝም። ያን ቀን እዚያ ግቢ መስመር አልነበረም። የራሱ የጥንቃቄ ጉድለት ነው። ያሳዝናል።»

«አዲሱን ዊዛርድ አውርደውታል?»

ስልካቸውን አውጥተው አሳዩአት። አፑ አዲሱ ነው። ጸሐይወርቅ አመሰገነች። ስትነሳ ጠረጴዛው ጠርዝ ላይ የተሰኩትን ሁለት ቻርጀሮች አየች። አንዱ ዶክተሩ ላሳዩአት ስልክ የሚሆን ነው። ሌላው ግን የድሮ ስልክ ቀጭን ጫፍ ያለው ሆኖ ባዶውን ተንጠልጥሏል።

በማግስቱ ሁለት ነገር አጣራች። መጀመሪያ የቴሌ ሠራተኞችን ጠየቀች። በዚያን ዕለት የቡሹሎው የኢንተርኔት ኬብል ለመንገድ ሥራ ሲቆፈር ተቆርጦ፣ መስመሩ ከጠዋት ጀምሮ ውሎውን ጠፍቶ ነበር። ቀጥላ ወይዘሮ ታቢታን ስለ ኢንተርኔታቸው ጠየቀች።

«መጥፋቱን ዛሬ ከእርስዎ መስማቴ ነው» አሉ ወይዘሮ ታቢታ። «በዚያ ቀን ማን ስልክ አይቶ!»

ከዚያ አብዱልሃሚድ ሳጥኑን ከባትሪ ጋር አያያዘላትና ባጃጅ ተከራዩ። ሳጥኗ ጸሐይወርቅ ጭን ላይ ሆና ቀይ ብልጭ ድርግም እያለች ከተማውን ዞሩ። ቢሮው ደጃፍ ቆሙ፤ ቀይ። ዩኒቨርሲቲው ግቢ ገቡ፤ ቀይ። ሦስቱ ተጠርጣሪዎች ወደሚኖሩባቸው ሰፈሮችም በየተራ ሄዱ። ከአንደኛው ቤት አጥር ሥር ሲደርሱ ጸሐይወርቅ ሳጥኑ ላይ ፎጣ ጣል አደረገች።

«ይበቃል» አለች። «እንመለስ።»

አብዱልሃሚድም አይቷል።

ከሆሳዕናው ቀብር መልስ ዶክተር አምሳሉ ሐዘንተኞቹን ለጸሎት ወደ መኖሪያ ቤታቸው ጠርተው ነበር። ባለቤታቸው ካረፉ ወዲህ በዚያ ቤት የሚኖሩት ብቻቸውን ነው። ካሌብና ኢየሩስ ሶፋው ላይ ተራርቀው ተቀምጠዋል። ወይዘሮ ታቢታ በሩ አጠገብ ናቸው። ከቀትር በኋላ ያለው ፀሐይ በመጋረጃው አልፎ ምንጣፉን ያሞቃል። ጸሐይወርቅና ሳጅኑ ገብተው እግዜር ያጽናችሁ ካሉ በኋላ በፎጣ የተሸፈነ ነገር ጠረጴዛው ላይ አስቀመጡ።

«ጸሎቱን በመቁረጤ ይቅርታ» አለች ጸሐይወርቅ። «ዮፍታሄ በአደጋ አልሞተም። እንዴት እንደሞተ ሁላችሁም ባላችሁበት ልናገር።»

ካሌብ ቀና አለ።

«ሽቦውን ሲይዝ ፓምፑ ጠፍቶ ነበር። በርቶ ቢሆን አይነካውም። ከያዘ በኋላ አንድ ሰው አበራው። ከሩቅ አልነበረም፤ የግቢው መስመር ተቆርጧል፤ ቴሌ አረጋግጦልኛል። ስለዚህ ያ ሰው አጠገቡ ቆሞ ነበር።»

«ሳጥኑ ላይ ያለውን የእጅ ማብሪያ ቁልፍ ራሱ ተጭኖ ቢሆንስ?» አለ ካሌብ።

«ቁልፉ ቢነካ ሳጥኑ ሰማያዊ ሆኖ ይቀር ነበር። አይደል ኢየሩስ?»

«አዎ» አለች ኢየሩስ። «ቁልፉ ዋይፋይ አይሰጠውም።»

«እኛ ያገኘነው ቀይ ነው። እንግዲህ አጠገቡ የነበረው ሰው በስልክ ዊዛርዱን አስኪዷል። የዮፍታሄ ስልክ ውጭ ዛፍ ላይ ነበር፤ ስልኩ የሌላ ሰው ነው። አሁን የከበደኝ ጥያቄ ይሄ ነበር፦ ይህን ሁሉ የሚያውቅ ልጅ፣ ቱላ የሆነውን የሚያውቅ ልጅ፣ ሌላ ሰው ዊዛርዱን እያስኬደ ለምን ሽቦ ይይዛል?»

ኢየሩስ ዓይኗን ጨፈነች። «ሙከራውን ስለሰረዘው» አለች በቀስታ። «አዲሱ ፓምፑን አያበራም።»

«አዎ። ሊያሳይ ፈልጎ ነው። እጁን ሽቦው ላይ አድርጎ፣ አያችሁ፣ ምንም አይሆንም ሊል ነው። የሚያሳየው ሰው ግን በእጁ የያዘው የድሮውን ነበር።»

«እኛ ሁላችንም አዲሱን አውርደናል» አለ ካሌብ። ስልኩን አወጣ።

«ባሳያችሁኝ ስልክ ላይ አውርዳችኋል። ሌላ ስልክ ያለው ሰው ግን አሮጌው ላይ የድሮውን ሊያቆይ ይችላል። የድሮው ዊዛርድ ደግሞ አንድ ልማድ አለው። ያ ስልክ መጨረሻ የተጠቀመበትን ዋይፋይ ከነይለፍ ቃሉ ራሱ ይሞላል። የሚቸኩል ሰው ‹ቀጥል›፣ ‹ቀጥል› ብሎ ያልፋል እንጂ አያነበውም። እናም ይሄ ሳጥን በዚያ ሰው ቤት ዋይፋይ ተሞልቶ ቀረ። ቡሹሎ ላይ ሲፈልገው አጣው። ቢሮ ወሰድኩት፣ አጣው። ካሌብ ቤት፣ ኢየሩስ ቤት፣ አጣው።»

ፎጣውን አነሳች።

መብራቷ አረንጓዴ ነበረች። ብልጭ ድርግም አትልም።

ወይዘሮ ታቢታ ምን እንደሆነ ባይገባቸውም የሌሎቹን ፊት አይተው ከበሩ ራቅ አሉ። ካሌብ ሳጥኑን አየ፣ ከዚያ ዶክተር አምሳሉን። ዶክተሩ አልተንቀሳቀሱም።

«የድሮዋ ስልኬ ጠፍታለች» አሉ በለስላሳ ድምፃቸው። «ያገኛት ሰው ምን እንዳደረገባት አላውቅም።»

«ያገኛት ሰው ዮፍታሄ የት እንዳለ አያውቅም፣ የሚገድልበትም ምክንያት የለውም» አለች ጸሐይወርቅ። «ደግሞም ዶክተር፣ እርስዎ ራስዎ ያን ቀን ግቢው ውስጥ መስመር እንዳልነበረ ነግረውኛል። ካሌብ አያውቅም ነበር። ወይዘሮ ታቢታ እንኳ፣ የቤቱ ባለቤት፣ ከእኔ ነው የሰሙት። ፈተና እያረሙ የዋሉት እርስዎ ከየት አወቁት?»

ዶክተሩ መነጽራቸውን አውልቀው በሸሚዛቸው ጫፍ ጠረጉት።

«ዮፍታሄ ነገረኝ» አሉ። «‹ዶክተር፣ መስመር የለም፤ ግን ለማሳየት መስመር አያስፈልገንም› አለኝ።»

ኢየሩስ ከሶፋው ተነሳች። ካሌብ ክንዷን ሊይዝ ሞከረ፤ አልተወችለትም።

«ሙከራው ይግባ ያልኩት እኔ ነኝ» አሉ ዶክተሩ ወደ ምንጣፉ እያዩ። «ቱላ ሄጄ ጥፋቱ የልጁ ነው ብዬ የፈረምኩትም እኔ ነኝ። ካሌብ የነገርኩትን አምኖ ነው የፈረመው። ዮፍታሄ ከእኔ ጋር ሄደን እንናገር አለኝ። እምቢ አልኩ። ብቻዬን እሄዳለሁ አለ። አልተቆጣኝም። ሰው ቢቆጣ ይቀላል።»

«ከዚያስ?»

«አዲሱን ባየው ልቤ የሚለወጥ መሰለው። ጫማውን አወለቀና ሽቦውን ያዘ። ‹ይጫኑ ዶክተር፣ ያን ቀን ይሄ ቢኖር ኖሮ ሰውየው አይሞትም ነበር› አለኝ። ሁለቱም ስልኮች ኪሴ ውስጥ ነበሩ።»

«የድሮዋን ያወጡት ተሳስተው ነው?» አለ ካሌብ። ድምፁ ልመና ይመስል ነበር። «ዶክተር፣ ተሳስተው ነው አይደል?»

የመለሰችለት ጸሐይወርቅ ናት። «ቢሳሳቱ ኖሮ ስልኩ ላይ ‹ውኃው ወጣ?› የሚል ጥያቄ ነበረ። ‹አዎ› ቢሉ ፓምፑ ይጠፋል። ‹አልወጣም› ቢሉም ይጠፋል። በአንድ ጣት ነው። ወይዘሮ ታቢታ ሲመለሱ ግን ፓምፑ እየሠራ፣ ውኃው ችግኙን አጥለቅልቆ ነበር። እኚህ ሰው ምንም ሳይመልሱ ስልኩን ኪሳቸው ከተው ወጡ።»

ዶክተር አምሳሉ አልካዱም። ስልኩን አሞራ ገደል ከሚባለው የዓሣ ገበያ በኩል ሐይቁ ውስጥ እንደጣሉት ተናገሩ፤ ከዚያ እጃቸውን ለሳጅኑ ዘረጉ። ኢየሩስ ሲያልፉ አልሰደበቻቸውም፣ አላለቀሰችም።

«ያስተማሩን እኮ እርስዎ ነዎት» አለች ብቻ።

ዶክተሩ በሩ ላይ ሲደርሱ ቆሙ። ከዚያ ወጡ።

በነጋታው ጸሐይወርቅ ቱላ ልትሄድ መኪና ስታስነሳ ኢየሩስ የጣቢያው በር ላይ ቆማ አገኘቻት።

«እኔም ልምጣ» አለች። «እሱ መሄድ የፈለገው እዚያ ነበር። የሠራሁት ሳጥን ነው፤ እኔም መናገር አለብኝ።»

የአቶ ዱካሞ ባለቤት ወይዘሮ አስቴር እንሰታቸው መሃል ጎንበስ ብለው እየሠሩ ሳሉ ደረሱባቸው። ዩኒፎርሙን ሲያዩ ቢላዋውን መሬት ላይ አስቀመጡ። አማርኛቸው ቀስ ያለ ነው፤ ጸሐይወርቅም ቀስ ብላ፣ አጫጭር አድርጋ ነገረቻቸው። ሳጥኑ ራሱ እንደሚያበራ፤ ይህን ማንም ለልጃቸው እንዳልነገረው፤ የተጻፈው ወረቀት ሐሰት እንደነበረ፤ እውነቱን ሊነግራቸው የፈለገ ወጣት በዚህ ምክንያት እንደተገደለ። ኢየሩስ ሳጥኑን የሠራችው እሷ መሆኗን ተናገረች።

ሴትየዋ አላዩአትም። ወደ ጸሐይወርቅ ዞሩ።

«የገደለው ልጄ አይደለም?»

«አይደለም እናቴ።»

«እሱ የገጠመው ሽቦ ደህና ነበር?»

«ደህና ነበር። በትክክል ነው የገጠመው።»

ወይዘሮ አስቴር እጃቸውን በቀሚሳቸው ጠረጉ፣ ወደ ቤት ገቡና ትንሽ ስልክ ይዘው ወጡ። ቁጥሩን በቃላቸው ያውቁታል። እየጠራ ጆሯቸው ላይ ያዙት። ከወዲያኛው ጫፍ የወጣት ወንድ ድምፅ «ሄሎ» አለ። ደግሞ «እማ?» አለ። ስልኩን ለጸሐይወርቅ ዘረጉላት።

«አንቺ ንገሪው» አሉ። «እኔ ሰው ያለኝን አምኜ አባርሬዋለሁ።»

ጸሐይወርቅ ስልኩን ተቀበለች።

«ማቴዎስ» አለች፣ «ፖሊስ ነኝ። አትደንግጥ፤ ምንም አላጠፋህም። ስለ አባትህ ነው የምደውልልህ። እናትህ አጠገቤ ናቸው፤ እየሰሙ ነው።»